የማረው ወንፈል

በዚያ ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ ሸፈነው። ጤፉ ውሃ ውስጥ ተኝቶ በሰበሰ። ከብቱ አለቀ። ቤቱ የፈረሰበት ወረታ ከተማ ገብቶ ተከራየ። ጎረቤቴ አማከለችና ባሏ ማረውም እንዲሁ። የግራዝማች አንለይን ቤት ያዙ። ማረው ብዙ ሳይቆይ ሞተ። እሷ ከልጇ ከይርገዱ ጋር እዚያው ቀረች።

ዓመታት አለፉ። የጣራው ሣር በሰበሰ። ሚያዝያ ላይ በጣለው ዝናብ የጓዳው ግድግዳ ወደ ውስጥ አዘመመ። ይርገዱ የምትተኛው ከሥሩ ነው።

አንድ ቀን ከአማከለች ጋር ከገበያ ስንመለስ ደሳለውን መንገድ ላይ አገኘነው። የማረው የእህት ልጅ ነው፤ ተምሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኗል። ቤት ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ሳይቀመጥ ቀረ።

«እትዬ፣ ለግራዝማች ነግረዋቸዋል?»

«በስማም! በዚያ በጎርፍ ዘመን በር የከፈቱልን እሳቸው ናቸው። ዛሬ ‹ጣራዎን ይክደኑ› ልበላቸው?»

«በነጻ ነው ያስገቡዎት?»

«ምን በነጻ! አንድ ወር አላሳለፍሁባቸውም።»

«እንግዲያው ኪራይ እንጂ ውለታ አይደለም። አዲሱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ይጠግን ይላል። ጥቃቅኑ የተከራይ ነው፤ ጣራና ግድግዳ የባለቤቱ። ተነግሮት እንቢ ካለ ዳኛ ያስገድደዋል።»

«ቢያባርሩኝስ? ሕግህ ወስዶ ሊያሳድረኝ ነው?»

«በቁጣ ተነሥተው በማግሥቱ ዕቃዎን ደጅ አይጥሉም። ለዚያም ዳኛ አለ።»

አማከለች ራሷን ነቀነቀች። ደሳለው የበሰበሰውን ጣራ ቀና ብሎ አየና፣

«አጎቴ የግራዝማች መኖሪያ ቤት ሲከደን ወንፈል ወጥቶ አልነበረም?» አለ።

«ትከሻው እስኪላጥ ነዋ!»

«መለሱለት?»

«ሳይመልሱ ሞተ።»

«ያበደሩትን ጉልበት፣ ወንፈልን ማስመለስ ያሳፍራል?»

«ምን ያሳፍራል! የሠራበት አይደል?»

«ኪራይም ይኸው ነው፣ እትዬ። እርስዎ የእርስዎን ሰጥተዋል። እሳቸው የእሳቸውን ይስጡ።»

እኔ መዝሙረ ዳዊት ደግሜ ትምህርት ያቆምሁ ሰው ነኝ፤ ሕግ አላውቅም። ይህ ግን ገባኝ። እሷም አንገቷን ቀና አደረገች።

«አያ ቢሻው፣ ምስክር ይሁኑኝ» አለችኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግራዝማችን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አገኘናቸው።

«ግራዝማች፣ ግድግዳው ልጄን ሊገድል ነው። ይጠግኑልኝ። ካልሆነ ዳኛ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«ማን አስተማረሽ? ያ ባለ እስክሪብቶ?»

«እሱም አስተማረኝ። ማረውም ወንፈሉ ሳይመለስለት ነው የተቀበረ።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ግራዝማች ስለ ሕጉ ሊከራከሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ወንፈሉን ሲሰሙ ግን «ሠራተኛ እልካለሁ» አሉ።

በሳምንቱ ሠራተኛና እንጨት መጣ። ግድግዳው ተተከለ፤ ተመረገ። ይህን ያዩ ሌሎች ተከራዮችም ባለቤቶቻቸውን ጠየቁ። ከፊሉ በእሺታ፣ ከፊሉ በዳኛ ተጠገነ። በዚያ ዓመት ክረምት በሰፈራችን ግድግዳ የወደቀበት የለም። ባለቤቶቹም ተጠቀሙ፤ የቆመ ቤት ይከራያል።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ የአማከለች ጣራ ሊከደን ሆነ። ግራዝማች መጡ፤ ካባቸውን አውልቀው መሰላሉን ያዙ።

«ኧረ ይወድቃሉ! ሠራተኛ አለ አይደል?» አለች አማከለች።

«ሠራተኛው የሕጉ ነው» አሉ ሽቅብ እየወጡ። «ይህ የማረው ነው። ሣሩን አቀብይኝ።»

አቀበለቻቸው። እስኪመሽ ከጣራው አልወረዱም።