በንጉሡ ሠ ወይስ በእሳቱ ሰ

(ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰፈሩ እድር ዕቃ ቤት በር ላይ። ጎህ ሲቀድ አባቷ የሞቱባት የመጽሐፍ አራሚዋ ውድነሽ፣ ላፕቶፑን በተደፋ ትልቅ ድስት ላይ ዘርግቶ ከተቀመጠው የእድሩ አዲስ ጸሐፊ አቤኔዘር ጋር።)

አቤኔዘር፦ ነገርኩዎት እኮ፣ አባትዎ ዝርዝሩ ላይ የሉም። አባል ላልሆነ ሰው ድንኳን አይወጣም።

ውድነሽ፦ አባቴ መሞቱን ለሰፈሩ የለፈፈው የራሳችሁ ጥሩምባ ነፊ ነው። እሱ ያወቀውን ሰው አንተ እንዴት አጣኸው?

አቤኔዘር፦ ጥሩምባ ነፊው በጆሮ ነው የሚሠራው። እኔ በጆሮ አልሠራም፣ በዳታቤዝ ነው። ኮሚቴው ወስኗል፤ ስክሪፕቱ «አልተገኘም» ካለ ዕቃ ቤቱ አይከፈትም።

ውድነሽ፦ ምንድን ነው ስክሪፕት የምትለው?

አቤኔዘር፦ ብነግርዎት ይገባዎታል? እሺ። እኔ የጻፍኩት ትእዛዝ ነው። ስም እሰጠዋለሁ፣ የአባላቱን ዝርዝር ላይ ታች ብሎ ያስሳል፣ ካለ አለ ይላል፣ ከሌለ የለም ይላል። እንደ ድሮው ጸሐፊ ግማሽ ቀን መነጽሩን ሲፈልግ አይውልም።

ውድነሽ፦ የድሮው ጸሐፊ መነጽሩን እየፈለገም ቢሆን ድንኳኑን ያደርስ ነበር።

አቤኔዘር፦ ለማንም ለምንም ነዋ ያደርስ የነበረው። ሞት አስመስሎ ወንበርና ድስት የሚወስደው ሰው ብዛቱን ቢያውቁ። እኔን እንባ አያታልለኝም።

ውድነሽ፦ የአባቴን ዓይን በእጄ ከድኜ ነው የመጣሁት። ድስት ልሰርቅ የመጣሁ መሰለህ?

አቤኔዘር፦ እኔ ምንም አልመሰለኝም። ማሽኑ ያለውን ነው የምልዎት። ማሽን ደግሞ አያዳላም።

ውድነሽ፦ ምን ብለህ እንደጠየቅከው አሳየኝ።

አቤኔዘር፦ ይኸው፣ ይዩት። ሣህሉ ዐምዴ። ከሰጡኝ መታወቂያ ላይ ፊደል በፊደል ነው የገለበጥኩት። የኮምፒውተር ሥራ እንዲህ ነው፣ በግምት አይደለም።

ውድነሽ፦ በንጉሡ ሠ።

አቤኔዘር፦ ምን አሉኝ?

ውድነሽ፦ ሣህሉን በንጉሡ ሠ ነው የጻፍከው አልኩህ። አባቴ ስሙን በእሳቱ ሰ የጻፈ ሰው ደብዳቤ ቢልክለት ሳይከፍት የሚመልስ ሰው ነበር። መታወቂያውንም ከቀበሌዋ ጸሐፊ ጀርባ ቆሞ ነው ያስጻፈው። የእድሩን መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ግን ማን ነው?

አቤኔዘር፦ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ያለችው ልጅ ናት። ምን ለውጥ አለው? ሲነበብ ያው አንድ ድምፅ ነው። ይሄን ሁሉ ሠ እና ሰ ያበዙብን ሥራ የፈቱ ሰዎች ናቸው።

ውድነሽ፦ ለጆሮ አንድ ነው። አንተ ደግሞ በጆሮ አልሠራም ብለኸኛል።

አቤኔዘር፦ እሱማ…

ውድነሽ፦ ማሽንህ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያውቃል? ነግረኸዋል?

አቤኔዘር፦ እኔ ፕሮግራመር ነኝ እንጂ የፊደል አስተማሪ አይደለሁም።

ውድነሽ፦ ያስታውቅብሃል። ቁልፍ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ሰው ስታንጓጥጥ መዋልህንማ አይቻለሁ።

አቤኔዘር፦ ይናገሩ ግድ የለም፣ ሐዘን ላይ ነዎት። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አላጣም ነበር።

ውድነሽ፦ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። ሰው ከቀብር ሲመለስ ፀሐይ ላይ ሊቀመጥ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የዚህን እድር ድንኳን ለሰው ሲተክል ኖሮ፣ የራሱ ቀን ሲደርስ የለም ተብሎ አይቀበርም። አንተ እዚህ ቢመሽብህም እኔ ከዚህ አልነቃነቅም። ያ ስክሪፕትህ ፊደሉን ቁርጥ አድርገህ ሳትነግረው መፈለግ አይችልም?

አቤኔዘር፦ ይችላል። በፊደሉ ፋንታ የታች ሰረዝ ካስገባሁ «እዚህ ቦታ የፈለገው ፊደል ይሁን» ማለት ነው። ግን ዝባዝንኬ ነው የሚያመጣው።

ውድነሽ፦ ያምጣ። ሣው ላይ አድርግበት፣ ህው ላይ አድርግበት፣ ዐው ላይም አድርግበት።

አቤኔዘር፦ ከአባትዎ ስም የቀረው «ሉ» ብቻ ነው እኮ። በሉ ሰው ይፈለጋል? እሺ ይሁን፣ እንዲወጣልዎት… ይኸው፣ አልኩዎት። ኃይሉ አምዴ። አባትዎ ኃይሉ ነበሩ እንዴ?

ውድነሽ፦ ወደ ታች ውረድ።

አቤኔዘር፦ ሳሕሉ አምዴ። የቤት ቁጥሩ… ይሄ የቀበሌው መታጠፊያ ጋ ያለው ግቢ አይደለም?

ውድነሽ፦ የኛው ነው። በእሳቱ ሰ፣ በሐመሩ ሐ፣ በአልፋው አ። ልጅቷ አንዱን እንኳ አላገኘችውም። አባቴ ይሄን ቢያይ ተነስቶ እንደገና ይሞት ነበር።

አቤኔዘር፦ ይኸው ተገኙ አይደል? የጻፈችው ልጅ ጥፋት ነው፣ እኔ ላይ አያፍጥጡ። እንኩ ቁልፉን፣ ያስጭኑ።

ውድነሽ፦ አስጭናለሁ። በፊት ግን አንድ ስም ፈልግልኝ። ወይዘሮ ጸዳለ።

አቤኔዘር፦ ክረምት ላይ የሞቱት? እሳቸው አባል አልነበሩም። ልጃቸው መጥታ ስታለቅስብኝ ስክሪኑን ወደሷ አዙሬ አሳይቻታለሁ፣ አልተገኘም ነው የሚለው።

ውድነሽ፦ ማዞርህን ሰምቻለሁ። ለቅሶው ላይ እኔም ነበርኩ፣ ሰው ዶፍ እየወረደበት ጃንጥላ ይዞ ነው ለቅሶ የተቀመጠው። ልጅቷ እናቴ አንድ ወር እንኳ አላቋረጠችም እያለች ስትምል፣ የገዛ አክስቷ ናት አታሳፍሪን ዝም በይ ያለቻት። ጸው ላይ ሰረዝህን አድርግ።

አቤኔዘር፦ ያለፈ ነገር ነው፣ አሁን ምን ይሠራል?

ውድነሽ፦ አድርግ።

አቤኔዘር፦ እሺ… አደረግኩ።

ውድነሽ፦ አንብበው።

አቤኔዘር፦ ጸዳለ… ይልና የቤት ቁጥራቸው አለ። ሙሉ አባል። በዚህኛው ጸ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ የመታሁት ክቡን ነበር።

ውድነሽ፦ ክቡ ስም አለው። ፀሐዩ ፀ ነው የሚባለው። እሷ በጸሎቱ ጸ ናት።

አቤኔዘር፦ ሰኞ ኮሚቴው ሲሰበሰብ አስረዳለሁ። የማሽን ስህተት ያጋጥማል፣ ይረዱኛል።

ውድነሽ፦ ኮሚቴው ላይ ዝናብ አልወረደም። ድንኳኑን እኔ አስጭነዋለሁ፣ አንተ ተነስና ልጅቷ ቤት ሂድ። እናትሽ አባል ነበረች በላት፣ አክስቷም እየሰማች። ማሽኑ ነው እንዳትላት ብቻ። ማሽኑማ ይኸው፣ አስተካክለህ ስትጠይቀው አገኛት።