«በጭራሽ» ያለው አጎት

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል። ልጅቷ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ማለፏን ገና መስማቷ ነው።

«ከባዱን የማመዛዘን ጥያቄ እንዴት አድርገሽ ሠራሽው?» አሏት አባቷ።

«ምንባቡ ‹አንዳንድ ገበሬዎች ማሽላ ይዘራሉ› ይላል፣ አባ። ‹ሁሉም ይዘራሉ› የሚለውን መልስ ተውኩት።»

«እኛ አገር ሁሉም ይዘራል እኮ።»

«ምንባቡ ግን እንደዚያ አላለም። አንድ የማይዘራ ሰው ከተገኘ ‹ሁሉም› የሚለው ይፈርሳል። ‹በጭራሽ›ም እንደዚያው ነው፤ አንድ ሰው ያፈርሰዋል።»

አባት ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አጎትሽ ‹ከኛ ቀበሌ ሴት ልጅ በጭራሽ ዩኒቨርሲቲ አትገባም› ብሎኝ ነበር።»

«ምን አልከው?»

«መልሱን የምሰጠው ዛሬ ነው። ቤቱ ይዤሽ እሄዳለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። አንድ ሰው ከበቃ፣ ይኸው አንቺ አለሽልኝ፤ አልሐምዱሊላህ።»

ከኋላቸው እንደተቀመጥኩ፣ ስሟን እንኳ ሳላውቅ፣ በልቤ ማሻአላህ አልኩ።