ያሲን ላይ የቆመ ቂርኣት

በሐምሌ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ከደብረ ታቦር ገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በረንዳ ተጠለልሁ። እዚያ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ቆመው ነበር። አንደኛው ሸኽ ኑሩ ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በላይ በቤታቸው ቁርኣን ሲያስቀሩ የኖሩ፣ እኔ ክርስቲያን ብሆንም በጉርብትናችን ደስታም ኀዘንም ያልለየን ሰው። ሁለተኛዋ ጀሚላ ናት፤ በልጅነቷ እርሳቸው ዘንድ ቁርኣን ቀርታ ዛሬ በከተማችን ኮሌጅ ኮምፒውተር የምታስተምር ወጣት። እኔም አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝና፣ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሸኽ ኑሩ «መምህር፣ በደኅና ጊዜ መጡ። ይችን ልጅ ይምከሩልኝ» አሉኝ።

የክርክራቸው ምክንያት ይህ ነበር። የመስጊዱ ጀመዓ ካቻምና አንድ ኮምፒውተር ገዝቷል። የረመዳንን የሰዓት ሰሌዳ አትመውበት ሲያበቁ ጨርቅ አልብሰው ተዉት። ጀሚላ ደግሞ በዚያ መሣሪያ፣ በኢንተርኔት አማካይነት፣ ሸኹ ራቅ ላሉ ሰዎች እንዲያስቀሩ ትፈልጋለች።

የሸኽ ኑሩ ግቢ ቀድሞ ከጋፋት፣ ከይፋግ፣ ከእብናት በመጡ ደረሶች፣ በቁርኣን ተማሪዎች፣ የተሞላ ነበር። ጠዋት ጠዋት የሚቀሩበት ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ስለነበር፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና «እነዚህ ልጆች ካልጀመሩ የነጋ አይመስለኝም» ትል ነበር። ዛሬ ከትምህርት ቤት መልስ የሚመጡ ስድስት ልጆች ብቻ ቀርተዋል። ሸኹ ከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሲያበቃ በራቸው ላይ ወጥተው መንገዱን ሲያዩ ይቆያሉ። ማንን እንደሚጠብቁ ጠይቄያቸው አላውቅም።

«ልጄ፣ ቁርኣን ከአፍ ወደ ጆሮ የሚሄድ ነው» አሉ ሸኽ ኑሩ። «ደረሳ ከሸኹ ፊት ይቀመጣል፣ ሲሳሳት ይታረማል፤ አደቡም በረካውም እዚያ ነው። ያ መሣሪያ ግን ዛሬ ቁርኣን ቢያሰማ ነገ ዘፈን ያሰማል። ስድብም ሐሜትም የሚገባበት በር ነው። በዚያ በር የአላህን ቃል እንዴት አስገባለሁ?»

ጀሚላ አንገቷን ደፋ አድርጋ በአክብሮት መለሰች። «እውነትዎን ነው ሸኽ፤ ክፉም ደግም ይገባበታል። ግን የገበያውም መንገድ እንዲሁ ነው። ሌባ ያልፍበታል፣ ለሶላት የሚሄድም ያልፍበታል። ስለ ሌባው ብለን መንገዱን አላጠርነውም።»

ሸኹ ለወጣት መልስ እንደማይቸግረው ተናግረው ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አዞሩ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ብዬ ለአንዳቸውም አላደላሁም። ሽማግሌው የሚሳሱለት ነገር ከንቱ አልነበረም፤ ወጣቷም ያንኑ ነገር ልታድን እንጂ ልታጠፋ አልመጣችም። ብዙ ጊዜ በአሮጌና በአዲስ መካከል ያለው ጠብ አንድን ነገር ከሁለት ወገን ከመውደድ እንደሚመጣ አይቻለሁ።

ጥቂት ቆይታ ጀሚላ «ፈትያን ያስታውሷታል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ሸኹ ወዲያው ዞሩ። «የሰይድን ልጅ? እንዴት አላስታውሳት! የያሲን ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ነው የዳሯት። ሃያ አራት ዓመት ሆነው። እንደዚያች ልጅ ፈጥኖ የሚይዝ ደረሳ አልገጠመኝም።»

ጀሚላ ባለፈው ወር ለለቅሶ እብናት ወርዳ ፈትያን አግኝታት ነበር። ፈትያ ከእብናት ከተማ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ ቆላ ቀበሌ ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፤ ማሳውንም ከብቶቹንም የምትይዘው እርሷ ናት። በአካባቢዋ አስተማሪ ስለሌለ የቀበሌውን ሴት ልጆች ሰብስባ የምታውቀውን ያህል ታስቀራለች። ጀሚላን ለብቻዋ ወስዳ የነገረቻት ግን ሌላ ነበር። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያረማት ሰው የለም። የረሳችው ቢኖር፣ የተጣመመባት ፊደል ቢኖር፣ ያንኑ ለአሥራ ሰባት ልጆች እያወረሰች እንደሆነ ትፈራለች።

«‹ሸኽ ኑሩ አንድ ቀን ቢሰሙኝ ምን ነበረበት!› ብላ አለቀሰች» አለች ጀሚላ።

«ትምጣ» አሉ ሸኹ። «ቤቴ ቤቷ ነው።»

«ከብቶቹን ለማን ትታ ትምጣ?»

ዝናቡ ሲያባራ ሸኹ ሳይሰናበቱን ሄዱ። እንዲህ ያለ ነገር ከእርሳቸው አይቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ማለዳ ዘመድ ልሸኝ መናኸሪያ ስሄድ ሸኽ ኑሩ በእብናት መኪና በር ላይ ቆመው አየኋቸው። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ቁርኣናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ ሊያወጣቸው ቢሞክር ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ሁለተኛ ሞከሩ። ሦስተኛው ላይ ፊታቸው በሕመም ሲለዋወጥ አይቼ ሮጬ ደገፍኋቸው። መኪናው ሄደ፤ እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«መኪናው ላይ ብወጣስ፣ የቆላውን ቁልቁለት በምን እወርደዋለሁ?» አሉ እንደ መናገር ሳይሆን እንደ ማሰብ። «መምህር፣ ልጅቱ በስሕተት ብታስቀራ ጥያቄው ወደ እኔ ነው። ያስጀመርኋት እኔ ነኝ። አማና ነው፤ አደራ።»

እኔም ያሰብሁትን ነገርኋቸው። «ሸኽ፣ ጉልበትዎ ቢደክምም ጆሮዎ አልደከመም። ጀሚላ የምትለው ደረሳ በሸኽ ፋንታ መሣሪያ ይያዝ አይደለም። ጆሮዎ መሄድ ወደማይችልበት ይሂድ ነው የምትለው። ለታመመ ዘመድ መልእክት ብንልክ አደብ አጓደልን አንባልም።»

ሸኹ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና «ጀሚላ ዘንድ ይውሰዱኝ» አሉኝ።

ለእብናት ገበያ ቀን ተቀጠረ። ፈትያ ከገበያ ስትመለስ እዚያው እብናት ባለው በባሏ ወንድም በቢላል ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ፊት እንድትቀመጥ፣ እኛ ደግሞ በመስጊዱ ቢሮ እንድንሆን ጀሚላ አስተካከለች። ሸኹ ምስሉ እንዳይከፈት ጠየቁ። «ድምፅዋ ይበቃኛል» አሉ።

መጀመሪያ ሹክሹክታ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ ጎርነን ያለ የሴት ድምፅ «አሰላሙ ዓለይኩም ሸኽ» አለ። ሸኹ ሰላምታውን መለሱና ግራ ገባቸው፤ የሚያስታውሱት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበርና።

«አንቺ ነሽ ፈትያ?»

«እኔ ነኝ።»

«በይ ቅሪ። ካቆምሽበት።»

ያሲንን ጀመረች። ሸኹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጣታቸውን አነሡ፤ እንደማታያቸው ግን ረስተዋል። «ተመለሽ» አሉ። «‹ሐኪም› በይ። ‹ሐ›ዋን ከጉሮሮሽ አውጫት።» በአማርኛችን ሀና ሐ በጽሕፈት ቢለዩም በአፋችን አንድ ሆነዋል፤ በዐረብኛ ግን ፊደሉ ሲለወጥ ቃሉ ይለወጣል። ፈትያ ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ በአራተኛው ተስተካከለላት። ሸኹም «አዎ፣ እንደሱ ነው» ብለው ገና ሳይጨርሱ መስመሩ ተቋረጠ።

ጀሚላ ሞከረች፣ እንደገና ሞከረች፤ ኔትወርኩ እንቢ አለ። ሸኽ ኑሩ እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር። እርሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ያን ዝም ያለ መሣሪያ ሲመለከቱ ቆዩ። በኋላ ድምፅዋ ሲመለስ የመጀመሪያ ንግግሯ «ሸኽ፣ ሄዱ እንዴ?» የሚል ነበር።

«የት እሄዳለሁ ልጄ» አሉ። «አለሁ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ እያደር ሰፋ። ከደብረ ታቦር በጋብቻ የራቁ ሌሎች ሴቶችም በሳምንት ሁለት ቀን ይቀሩ ጀመር። ኔትወርክ በማይኖርበት ቀን እንዲያጠኑበት ጀሚላ የሸኹን ድምፅ እየቀዳች ትልክላቸዋለች። ምስጥ እየበላቸው የነበሩት የሸኹ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተዋል። ሰው ሲሞትም በገጠር ያለው ዘመድ በዚሁ መስመር ከቀብር በፊት ይሰማል እንጂ እንደ ድሮው ሦስተኛው ቀን ላይ አይደርስም። ሸኹም ደንብ አውጥተዋል፦ ያለ ውዱእ፣ ለሶላት እንደሚደረገው ሳይታጠብ፣ የሚቀመጥ የለም፤ ቅጂ ሰምቶ ብቻ «ቀርቻለሁ» የሚል የለም፤ የቻለ ሁሉ በዓመት አንድ ቀን በአካል ይመጣል። ጀሚላ ደንቡን በደስታ ተቀበለች። እኔም ከዚህ የተማርሁት ቢኖር፣ አዲስ መሣሪያ የሚጠቅመው ነባሩ አዋቂ ሲገዛው እንደሆነ ነው። አዋቂው እጁን ከሰበሰበ መሣሪያው በአላዋቂ እጅ ይወድቃል።

ቂርኣቱ ከመጨረሻዎቹ አጫጭር ምዕራፎች ተነሥቶ ወደ መጀመሪያዎቹ ስለሚሄድ፣ ፈትያ ዛሬ የከህፍ ምዕራፍ ላይ ደርሳለች።

ባለፈው ሳምንት ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ሸኽ ኑሩ ከወንበራቸው ሳይነሡ ቆዩ። ጀሚላ መሣሪያውን ልትዘጋ ስትል «ቆይ እስቲ» አሉ። «በዚህ ኢንተርኔት ላይ የሞተ ሰው ድምፅ ይገኛል?»

«የማንን ፈልገው ነው ሸኽ?»

«የሸኼን፣ እኔን ያስቀሩኝን። ከሞቱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆናቸው። ፊታቸው አልጠፋኝም፤ ድምፃቸው ግን እየራቀኝ ሄደ። የራሕማንን ምዕራፍ ሲቀሩ መጨረሻው ላይ የሚያደርጉት ነገር ነበር… ልይዘው እልና ያመልጠኛል።»

ጀሚላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በሕይወት ሳሉ የቀዳቸው ሰው ከሌለ አይገኝም» አለች።

«አርባ ደረሶች ነበርን» አሉ ሸኹ። «አንዳችንም ያልፋሉ ብለን አላሰብንም።»

ውጭ ሰዎች ለመግሪብ፣ ለምሽቱ ሶላት፣ እየመጡ ነበር። ሸኹ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ድምፅ መቅጃውን ወደ እርሳቸው እንድታስጠጋው በእጃቸው አመለከቷት።

«ከሶላት በኋላ ሥራ ከሌለሽ» አሉ፣ «ከመጀመሪያው፣ ከፋቲሐ፣ መቅዳት እንጀምር። እስከምንደርስበት።»