መኪና መውደድና መኪና መሥራት

ባለጋራዡ ከሆስፒታሉ ደረጃ ወረደ። ሠላሳ ዓመት አብሮት የሠራው ጓደኛው ቀኝ እግር ትናንት ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት የእህቱ ልጅ ወረቀት ይዛ ተሰልፋ ሲያያት ክው አለ።

«ምን ሆንሽ? አመመሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ አጎቴ። የመኪና ጥገና ትምህርት ቤት የጤና ምርመራ ወረቀት አምጪ ብሎኝ ነው። ከዚህ ወደ እርስዎ ልመጣ ነበር። ልምምድ የሚያሠራኝ ጋራዥ መፈረም አለበት፤ ምዝገባው ዛሬ ያበቃል።»

«የኢንሹራንሱን ሥራ ትተሽ? ወንበሩ ቆረቆረሽ?»

«ቆረቆረኝ» አለች ፈገግ ብላ። «ቀኑን ሙሉ የተጋጨ መኪና ፎቶግራፍ ሳገላብጥ እውላለሁ። እጄ ግን አንዱንም አቅንቶ አያውቅም።»

ሰውዬው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ስሚኝ ልጄ። መኪና መውደድ ሌላ፣ በመኪና መኖር ሌላ። እኔም ወድጄው ነው የገባሁበት። ዛሬ ሞተር ሲነሣ ስሰማ ራሴን ያመኛል።»

«ያስጠላዎት መኪናው ነው ወይስ አሠራሩ?»

ባለጋራዡ ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ሳብ አደረገ።

«አይቆጡኝና፣ በልጅነቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ስመጣ፣ በክሪክ በተነሣ መኪና ሥር የብረት ድጋፍ የሚያቆም ሠራተኛ ‹ሙሽራው፣ ትራስህን አመቻች!› እየተባለ ይሳቅበት ነበር። ቀልዱን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

«ጨዋታ ነበር እኮ።»

«የማክሰኞው አደጋስ?»

ባለጋራዡ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። ማክሰኞ ጓደኛው ድጋፉን ሊያመጣ ሲል «ያንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ዝም ብለህ ግባ» ያለው እሱ ራሱ ነበር። ክሪኩም ተንሸራተተና መኪናው እግሩ ላይ ወረደ። ለማንም ያልተነፈሰውን ነገር ለልጅቱ ነገራት። እሷም ልታጽናናው አልሞከረችም።

«ይህን ሰምተሽም ትገቢያለሽ?»

«እፈራለሁ። ፍቅር ብቻ ቢሆን ኖሮ መንገድ ዳር ቆሜ ማየቱ ይበቃኝ ነበር። የምፈልገው ሙያውን ነው፤ ሙያን ደግሞ ከነጥንቃቄው ካልተማሩት ሰው ይበላል። እዚያ መፍቻ ከማስያዛቸው በፊት መኪና ሥር እንዴት እንደሚገባ ሁለት ሳምንት ያስተምራሉ።»

«ሁለት ሳምንት! እኛ ሁለት ደቂቃ እንኳ ያስተማረን የለም።»

«ቢፈርሙልኝም ያለ ድጋፍ አልገባም። ይሳቁብኝ።»

«ከእንግዲህ ማን ሊስቅ» አለና እስክሪብቶ ተቀብሏት ፈረመ። 

ልጅቱ የተማረችውን ይዛ ጋራዡ ገባች። ድጋፍ ማቆም ሥራ ያዘገያል ሲሉ የኖሩት ሠራተኞች፣ ከሁሉ የሚያዘግየው ተሰብሮ የሚተኛ ሰው መሆኑን ቀስ በቀስ ተረዱ። ከዚያ ወዲህ ከመኪና ሥር በቃሬዛ የወጣ የለም፤ ደንበኛውም አልሸሸም። ባለጋራዡ ግን የሞተር ድምፅ መልሶ ሊወድ አልቻለም።

ጓደኛው አሁን በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ይውላል። መኪና በክሪክ በተነሣ ቁጥር በክራንቹ ተደግፎ ይመጣና እያንዳንዱን ድጋፍ ይነቀንቃል። እሱ «ግባ» ሳይል ማንም አይገባም፤ ባለጋራዡም ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል።