ይግባኙን ያሸነፉት ሰውዬ
ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ ጠዋት ከቦሌ ሚካኤል ወደ ኦሎምፒያ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ፋይል ያቀፉ አዛውንትና ጎረቤታቸው የሆነች ሴት ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ይግባኙ ምን ደረሰ?» አለቻቸው።

«አሸነፍኩ።»

«እሰይ! ታዲያ ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«ቤቴ ከፈረሰ ምን ያደርግልኛል? ዳኛው ምስክሮቼን ሳይሰማ ይፍረስ አለ፣ ፈረሰ። የበላዮቹ አሁን ተሳስቷል ብለው ጻፉ።»

«እሱንስ ምን አደረጉት?»

«ገሠጹት አሉ፣ በደብዳቤ።»

«በደብዳቤ ብቻ?»

«እኔም እንደዚሁ ብዬ ጮህኩ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ‹አባባ፣ ዳኛ በተሳሳተ ቁጥር ከተባረረ ማን ይፈርዳል?› አለችኝ። እሱስ እውነቷን ነው። ግን መሳሳትና አልሰማም ማለት አንድ ነው?»

«ምን አንድ ይሆናል! አሁን ወዴት ነዎት ታዲያ?»

«ምስክሮቹ ይሰሙ ተብሎ ፋይሉ ወደ ታች ተመልሷል። ቀጠሮዬ ዛሬ ነው።»

«ሌላ ዳኛ ዘንድ ነዋ?»

«እዚያው፣ እሱ ዘንድ።»

«በስመ አብ! ምስክሮችዎስ?»

«ሁለት ነበሩ። አንዱን ባለፈው ወር ቀበርነው፤ አንዱ ደግሞ ጆሮው አይሰማም።»

«ኧረ ወዲያ! ምኑን አሸነፉት ታዲያ?»

«ወረቀቱ ላይ አሸነፍኩ ነው የሚለው፣ ልጄ።»

እኔ ጉልበቴ ላይ የነበረውን የሕግ መጽሐፍ ሽፋኑን ወደ ታች ገለበጥኩት።