ከአስተርጓሚነት የተባረርኩበት ችሎት

በኛ ጊዜ፣ በጃንሆይ ዘመን ማለቴ ነው፣ ነቀምቴ ችሎት የሚሰማው አማርኛ ብቻ ነበር፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆንክ ቃልህ የሚያልፈው በአስተርጓሚ አፍ ነው። ያ አፍ እኔ ነበርኩ። አባቴ ጎጃሜ፣ እናቴ የኑኑ ቁምባ ኦሮሞ፣ እና አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። አሁን ሰው ሁሉ «የሠራተኛ ጠበቃ፣ የተጎዳ ሰው ጠበቃ» ይለኛል እንጂ፣ ልጄ፣ ጥብቅናን የጀመርኩት ተባርሬ ነው!

ታዲያ አንድ ቀን አዴ ጫልቱ የምትባል ሴት ቀረበች። ቡና መፈልፈያ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፣ ማሽኑ አንድ እጇን ከክርኗ በታች ወስዶታል፣ እና ባለቤቱ «በራሷ ጥፋት ነው» ብሎ አሰናብቷታል። ይህ ሰውዬ የከተማው ግማሽ እንጀራ በእጁ ነው። ጠዋት የችሎቱ በር ላይ ይዞኝ ምን አለኝ? «ስማ አንተ፣ ቃሏን አታርዝመው፤ አጠር አጠር አድርገው» አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። ትቼው ገባሁ። እሺ ያልኩት መስሎታል።

ዳኛው የሸዋ ሰው ናቸው፣ ቁጡ። «እጅሽን ራስሽ ነሽ ያስገባሽው?» አሉ። ተረጎምኩላት። እሷም «ኤዬ» አለች። ኤዬ አዎ ነው፣ ይህችንማ ሁሉም ያውቃታል! ሰውዬው ብድግ አለ፤ «አመነች! አዎ ብላለች፣ ይጻፍልኝ!» ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። እሷ ግን አልጨረሰችም፣ ቀስ ብላ «አጀጀሜቲ» አለች፣ ታዝዤ ነው ማለቷ ነው። ድምጿ በሱ ጩኸት ተዋጠ። እኔ ሰማሁ፣ ሰውዬውም ሰምቷል፣ ኦሮምኛ ከኔ በላይ ያውቃል እኮ!

«ጌታዬ፣ ቃሏ አላለቀም፤ አዎ፣ ግን ታዝዤ ነው ብላለች» አልኩ።

«ውሸት ነው!» አለ ሰውዬው።

ዳኛው አፈጠጡብኝ። «አንተ አስተርጓሚ ነህ ወይስ ጠበቃዋ?»

«ጠበቃ የላትም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሂድና አጠገቧ ቁም! ካሁን በኋላ አስተርጓሚዬ አይደለህም!»

ሄድኩ፣ አጠገቧ ቆምኩ። ዘወር ብዬ ቤቱን አየሁ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር፣ ግን ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ታዲያ ምን ላድርግ? «ጌታዬ፣ እኔን አይመኑኝ፤ ባለፋብሪካው ራሳቸው ኦሮምኛ ያውቃሉ፣ እንዲያ አላለችም ብለው ወንጌል ይዘው ይማሉልኝ» አልኩ። ወንጌሉ መጣ። ሰውዬው እጁን ዘረጋ፣ ዘረጋና መለሰው። «እኔ ለአንዲት ቃል ብዬ አልምልም» አለ።

ዳኛው አሁን ወደሱ ዞሩ። «ማነው ያዘዛት?»

«ቡናው ማሽኑ ውስጥ ተወትፎ... ሥራው ሊቆም ሲል...» አለ። ያዘዛት እሱ ራሱ መሆኑ ለዳኛውም ገባቸው።

እስክትድን እንዲያሳክማት፣ ዕድሜ ልኳንም ቀለቧን እንዲሰጣት ተፈረደበት። እኔ ግን ሥራዬን አጣሁ፣ ማን ይመልሰኛል! ብዙም ሳይቆይ፣ ግንድ ወድቆ እግሩን የሰበረው አንድ እንጨት ሠራተኛ ደጄ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፣ ቀጥሎ ሌላ መጣ፣ ሌላ መጣ፣ እና በዚያው ጥብቅና ገባሁ፤ ሕጉን የተማርኩት ኋላ ነው፣ ፈቃዱንም ያገኘሁት ኋላ።

«ያን ቀን አልፈሩም ነበር አባባ?»

«እንዴት አልፈራ! አጠገቧ ስደርስ፣ እሷ እኮ ናት በደህናው እጇ ክንዴን ይዛ ያቆመችኝ! ሃሃ! እንዲህ ያለ ጠበቃ አይተህ ታውቃለህ?»