የአባቴ ስም በጉባኤ

አባቴ ደምሴ፣ ናይሮቢ ውስጥ ኢምባካሲ በሚባል ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። እኔ ደግሞ መሬት አንቀጥቅጬ፣ ከሚመለሰው ሞገድ የከርሰ ምድርን ምስል አወጣለሁ። ይህን ከሥራ ስለማይቆጥረው ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ያቆመኛል። አንድ ቀን እዚሁ ናይሮቢ ወደተደረገ የጂኦፊዚክስ ጉባኤ ይዤው ሄድኩ። መድረክ ላይ የወጣው ሁሉ «ደምሴ እንዳሳየው»፣ «በደምሴ ዘዴ» ይላል። አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«ስሜን ከየት አመጡት?»

«ጥናቱ የኔ ነው። እነሱ ሲጠቅሱ የሚጠሩት የአባት ስም ነው።»

ደስ ይለዋል ብዬ ስጠብቅ ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «ስህተት ቢገኝበትስ ማን ተሳሳተ ይላሉ?» አለኝ።

«ደምሴ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ሱቅ አትምጣ። ቤትህ ቁጭ ብለህ ሥራህን ደግመህ እየው።»